ግራፊን ያጠና ሰው ማን ይቀጥረዋል?

የዛሬዋ ጠያቂ ከባሕር ዳር ናት። የኬሚስትሪ ማስተርሷን ጨርሳ በዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ረዳት ሆና ትሠራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለን ክሮሚየም በግራፊን ኦክሳይድ ስለማስወገድ ነበር። (ግራፊን የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ኦክስጅን የተጨመረበት ግራፊን ኦክሳይድ ይባላል።) ደብዳቤዋን አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ግራፊኑን ስሠራ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ውኃ እናጸዳበታለን እንላለን፤ እሱ ራሱ ሰው ሳንባ ውስጥ ቢገባስ? አማካሪዬን ብጠይቀው ‹እሱ የኛ ሥራ አይደለም› አለኝ። ዶክትሬቴን ናኖ ቁሶች (እንደ ግራፊን ያሉ እጅግ ደቃቅ ቁሶች) በሰው ጤና ላይ ያላቸውን ሥጋት በመገምገም ብሠራ ደስ ይለኛል። ግን ባዮሎጂ የተማርኩት ሃይስኩል ላይ ነው። ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ሥራ የሌለው ነገር ነው፣ ይልቅ አካውንቲንግ ጨምሪበት› ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ ግማሹን አላጡትም። «የናኖ ቁስ ቶክሲኮሎጂስት (የመርዛማነት አጥኚ) እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አገር አይቼ አላውቅም። በቅርቡ የምናይም አይመስለኝም። ቢሆንም ግቢበት እልሻለሁ። ስትገቢ ግን የቶክሲኮሎጂና የሥጋት ግምገማ ባለሙያ ልሁን ብለሽ ግቢ። ግራፊን የመጀመሪያ መለማመጃሽ ይሁን። መታወቂያሽ ካደረግሽው ፋሽኑ ሲያልፍ አብረሽ ታልፊያለሽ።

ይኼ ሲሆን አይተናል። ከግራፊን በፊት ወሬው ሁሉ ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ ነበር። ቀጭንና ረጅም ቃጫ ስለሆነ እንደ አስቤስቶስ ሳንባ ይጎዳል ተብሎ ተፈራ። ጥናቱ ተጠናቀረና የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለሠራተኞች የሚመከረውን ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም አደረገው። በ2014 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚላቸው መደበ። ያኔ መለኪያውንና ዘዴውን ያደራጁ ሰዎች ሥራ አልፈቱም። ወደ ግራፊን ዞሩ፤ አንዳንዶቹ አሁን ማይክሮ ፕላስቲክ ላይ ናቸው። እንጀራቸው ዘዴው ነው።

ባዮሎጂ አልተማርኩም ብለሽ የፈራሽውን ነገር ደግሞ እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። በዚህ መስክ ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ኬሚስትሪው ላይ ነው። «ግራፊን ሴል ይገድላል» የሚል ጽሑፍ አለ፣ «ምንም አያደርግም» የሚልም አለ። ሁለቱ ጽሑፎች የሚያወሩት ስለ ተለያየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ስንት ንጣፍ ነው? ስፋቱ ስንት ነው? ከካርቦኑ አንጻር ኦክስጅኑ ምን ያህል ነው? እነዚህ ሦስቱ ካልተነገሩ ውጤቱን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። አንቺ በሃመርስ ዘዴ ሠርተሽው ከሆነ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ተጠቅመሻል። በደንብ ካልታጠበ ማንጋኒዝ ይቀርበታል። ያ ማንጋኒዝ ሴል ቢጎዳ በጽሑፉ ላይ የሚከሰሰው ግራፊን ነው። ይህን ባዮሎጂስቱ ላያስበው ይችላል፤ እጅሽ እስኪላጥ ስታጥቢ የዋልሽው አንቺ ግን አትረሺውም።

አንድ ምርመራ ጠጋ ብለን እንይ። ሴል በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በየላቦራቶሪው የሚሠራበት ኤምቲቲ የሚባል አለ። ቢጫ ፈሳሽ ሴሎቹ ላይ ይጨመራል። ሕያው ሴል ፈሳሹን ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር «ሴሎቹ ደህና ናቸው» ተብሎ ይመዘገባል። ጉዱ ያለው ግራፊን አንድም ሴል በሌለበት ያንኑ ቀለም ማምጣት መቻሉ ላይ ነው። ሴሉ ሞቷል፤ መሣሪያው «ደህና ነው» ይላል። ስለዚህ ግራፊን ብቻ ያለበት፣ ሴል የሌለበት ጉድጓድ (የምርመራ ሳህኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች አንዱ) ጎን ለጎን ይሠራል። ውጤቱም በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጣል። ኢንዶቶክሲንም እንዲሁ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪ ነው፤ ውኃው ወይም ዕቃው ንጹሕ ካልሆነ ከግራፊኑ ጋር ይገባና የመከላከያ ሴሎችን ያስቆጣል። ቁጣው የማን እንደሆነ ሳይጣራ ስንቱ ጽሑፍ ታትሟል መሰለሽ።

ባዮሎጂውን አንቺ ትደርሺበታለሽ። መጀመሪያ ሳንባን አጥኚ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። በ2012 ከኤዲንብራ የወጣ አንድ ጥናት እስከ 25 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው የግራፊን ቅጠሎች በጣም ስስ በመሆናቸው እንደ ትንሽ ብናኝ ተንሳፍፈው ሳንባ ጥግ ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳየ። እዚያ ሲደርሱ የጽዳት ሥራ የሚሠሩት፣ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ሊውጧቸው ይሞክራሉ፤ ስፋታቸው አልዋጥ ይላቸዋል። እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ትግል ነው።

ሰው ላይ የተሞከረውንም አንብቢ። በ2024 የኤዲንብራና የማንቸስተር ተመራማሪዎች 14 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን እጅግ የተጣራ ግራፊን ኦክሳይድ ያለበት አየር ለሁለት ሰዓት እንዲተነፍሱ አደረጉ። ፈቃደኞቹ ጭንብል አድርገው መሐል መሐል ላይ ሳይክል ይነዱ ነበር። የሳንባቸው አሠራርም ሆነ የደም ግፊታቸው አልተዛባም። በደም መርጋት ላይ ግን ትንሽ ምልክት ታየ። ጋዜጠኛ ይህን «ግራፊን አደጋ የለውም» ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው «ደም ያረጋል» ይላል። ገምጋሚ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቁሱ እጅግ ንጹሕ ነው፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ዱቄቱን ከከረጢት እየገለበጠ ዓመታት ስለሚሠራ ሰው ከዚህ ምን ያህሉን ማለት እችላለሁ? ይህን ጥያቄ በሁለት ገጽ መልሰሽ መጻፍ ከቻልሽ ሥራውን ጀምረሽዋል ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ በኮቪድ ጊዜ «ክትባቱ ውስጥ ግራፊን አለ» ተብሎ የተወራው ውሸት ነው። ግን ይህን ጥያቄ ከዘመድ አዝማድ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሳትቆጪና ሳትንቂ መመለስን ከአሁኑ ተለማመጂ፤ ለሕዝብ ማስረዳት የዚህ ሙያ አንድ ክፍል ነው።)

አሁን ከሰኞ ጀምሮ የምትሠሪውን ልንገርሽ። ቁሱ ጎጂ መሆኑ ብቻውን ሥጋቱን አይነግርሽም፤ ሰውየው ምን ያህል ተጋልጧል የሚለው አለ። ያ ደግሞ አጠገብሽ፣ የራሳችሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደብተር ያዢና መዝግቢ፦ ደረቁን ዱቄት ማን ይመዝናል? ስንት ደቂቃ? ክፍት ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ ጭስ መሳቢያው ውስጥ? ወለሉ በደረቁ ይጠረጋል ወይስ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል? ውኃ ውስጥ የተበተነ ግራፊን ኦክሳይድ ካልተረጨ በቀር አየር ላይ አይወጣም። አድርቀሽ ስትፈጪው ነው ጣጣው የሚመጣው። እስከዚያው አንቺም ሳታደርቂ መሥራት የምትችይውን አታድርቂ። የቀዶ ሕክምና ማስክ ለዚህ አይበቃም፤ ኤን95 አድርጊ።

ከዚያ የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) የኬሚካል ምርመራ መመሪያዎች አውርጂ፤ በነፃ ናቸው። ቁጥር 412 እና 413 በትንፋሽ ስለሚገቡ ነገሮች ናቸው። በ2018 ሲሻሻሉ ለናኖ ቁሶች እንዲያገለግሉ ተደርገዋል። ስታቲስቲክስ አር (R) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ። ሴል የሚያራባ ላቦራቶሪ ፈልገሽ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን፣ ጥቂት ወራት ተለማመጂ።

ለዶክትሬት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ብዙው ቦታ ደሞዝ ያለው ሥራ ሆኖ ዩራክሰስ በሚባለው ድረ ገጽ ይወጣል። ቀጥታ ዶክትሬት ካልተሳካ የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሁለት ዓመት የቶክሲኮሎጂ ማስተርስ አለው፤ የመግቢያ መስፈርቱን ከኮርሶችሽ ጋር አስተያዪው። «ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽን ደላላ ስልኩን ዝጊበት። ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ «ግራፊን እወዳለሁ» አትበያቸው። «ናሙናውን ራሴ ሠርቼ፣ ራሴ ለክቼ፣ ቅሪቱን አውቄ አቀርባለሁ» በያቸው። የጎደላቸው እሱ ነው።

ስለ ሥራውስ? አገር ውስጥ የሚፈለገው ሥጋት መመዘን የሚችል ሰው ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ ፀረ ተባይ የሚመዘግበው የግብርና ባለሥልጣን፣ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉ የሠራተኛ ደህንነት ክፍሎች አሉ። እነሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግራፊን አይደለም፤ ፀረ ተባይ ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ (1.5 ሚሊግራም በሊትር) በላይ የሚገኘው ፍሎራይድ ነው፣ የአንቺው ክሮሚየም ነው። ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ ክሮሚየሙን ከግራፊኑ በላይ አድርገሽ ጻፊ። ውጭ ከሆነ ደግሞ ኩባንያዎች ሄልሲንኪ ላለው የአውሮፓ ኬሚካል ኤጀንሲ የሚያቀርቡትን ሰነድ የሚያዘጋጁ አማካሪ ድርጅቶች አሉ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ኬሚካል በናኖ መጠን ሲሠራ መረጃው ለብቻው እንዲገባ የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግ ያስገድዳል። የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም፤ እዚያው የተማረ ይሻለዋል።

አካውንቲንጉን ተዪው። ያንን ሁለት ገጽ ግምገማ በአማርኛም ቢሆን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለፕሮፌሰር ከመላክሽ በፊት አብረን እናየዋለን።