ኮንቱር መስመርን ከእርከን ስለመጀመር

ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ በ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ካርታ ንባብ ላይ ሲደርሱ ተማሪዎቻቸው የኮንቱር መስመርን ትርጉም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ይወጡታል፤ ካርታው ሲሰጣቸው ግን ኮረብታውን ከሸለቆው መለየት ያቅታቸዋል። በክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀርም መሣሪያ የለም። «እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሌላ አካሄድ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል። በሰሜን ሸዋ ለ14 ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማርኩ በኋላ በዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህራንን ሳሠለጥን የቆየሁ ስለሆንኩ፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

ከካርታው አይጀምሩ። ከመሬቱ ይጀምሩ፤ ካርታው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማደርገው ተቃራኒውን ነበር። ሰሌዳው ላይ አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ እሥልና «በእኩል ከፍታ ላይ የሚገኙ ነጥቦችን የሚያገናኝ ምናባዊ መስመር» የሚለውን ትርጉም አስጽፍ ነበር። ተማሪዎቹም በፈተና ላይ ያንኑ ይመልሱልኛል። በአንድ የጥር ወር፣ የአካባቢው ሕዝብ ለተፋሰስ ሥራ በወጣበት ሰሞን፣ በመስኮቱ ትይዩ ያለውን ተራራ ሲያይ የነበረ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እንግዲያው እርከኑ የሚሄደው በኮንቱር ላይ ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አባቱ ከግብርና ባለሙያው ጋር ገመድ ይዞ ሲለካ አይቶ ኖሯል። ልጁ በአንድ ጥያቄ፣ እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ያላስረዳሁትን ነገር ለጓደኞቹ አስረዳ።

ነገሩን ያስቡት። እርከን ሲቀየስ ሁለት ሰዎች እኩል ቁመት ያላቸውን ሁለት ዘንጎች ይዘው ይቆማሉ፤ በዘንጎቹ መካከል ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱ መሐል ላይ ውኃ ልክ ይንጠለጠላል። አንደኛው ሰው የውኃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪቆም ድረስ በተዳፋቱ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጠጋል፤ ቦታው ሲገኝ ካስማ ይተከልበታል። መስመሩ ካዘነበለ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ዝቅ ባለው በኩል ተጠራቅሞ እርከኑን ይሰብረዋል፤ የተሰበረበትም ቦታ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የገጠር ተማሪዎችዎ ወላጆች ኮንቱርን በአካፋና በዶማ መሬት ላይ ሥለውታል። ምናባዊ ነው ብለን የምናስተምራቸው ልጆች በየዕለቱ እየተሻገሩት ትምህርት ቤት ይመጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው። ከግቢው ወይም ከግቢው አጠገብ ተዳፋት ቦታ እመርጣለሁ። ተማሪዎቹን በስምንት ቡድን ከፍዬ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዘንግና 10 ሜትር ሲባጎ እሰጣለሁ፤ ውኃ ልክ ከጠፋ ግንበኞች የሚጠቀሙበት፣ ውኃ የተሞላ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። መጀመሪያ አንድ መስመር በድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ቀጥሎ በከፍታ አንድ ሜትር ዝቅ ብለው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን። ተዳፋቱ ቀጥ ባለበት ድንጋዮቹ ይቀራረባሉ፤ ለጥ ባለበት ይራራቃሉ። ይህን እርስዎ መናገር አይኖርብዎትም፤ ራሳቸው ተጯጩኸው ይነግሩዎታል። በማግስቱ በሳፋ ውስጥ ከጭቃ ኮረብታ ይሠሩና ውኃ በጣት ልክ እየጨመሩ፣ ውኃው በደረሰበት ሁሉ ጭቃውን በእንጨት ይጭራሉ፤ ውኃው ሲደፋ ከላይ ቁልቁል ሲያዩት ካርታውን ያገኙታል።

ወረቀቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወረዳዎን የ1:50,000 ካርታ አንድ ቅጠል ካገኙ፣ ትምህርት ቤቱ ያለበትን ክፍል በፎቶ ኮፒ አስፍተው ለየቡድኑ ያድሉ። መጀመሪያ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ በተከታታይ መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም 20 ሜትር መሆኑን ብቻ ይንገሯቸው። ፎቶ ኮፒው ከሰፋ ግን የ2 ሴንቲ ሜትሩ ሒሳብ ስለማይሠራ፣ በካርታው ግርጌ ያለው የመለኪያ መስመር አብሮ እንዲሰፋ ያድርጉ። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የሸለቆና የሸንተረር መምታታት ነው፤ መስመሮቹ ወንዙን ሲያቋርጡ የሚታጠፉት ወደ ወንዙ መነሻ አቅጣጫ መሆኑን በቃል ከማስያዝ ይልቅ «እዚህ ነጥብ ላይ ውኃ ብታፈስስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጣታቸውን በካርታው ላይ ማስኬድ የተሻለ መሆኑን አይቻለሁ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ልጁ የሚያውቀውን ነገር የማያውቀው ይመስለዋል። አናቱ ሜዳ የሆነውን ተራራ አምባ ብሎ የሚጠራ፣ መረሬ አፈር በበጋ እንደሚሰነጣጠቅና በክረምት እግር እንደሚይዝ የሚያውቅ ልጅ ጂኦግራፊን በከፊል ይዞ መጥቷል። በቅድሚያ ሸንተረር፣ ሸለቆ፣ ተዳፋት፣ ገደል የሚሉትን ቃላት ከራሱ አፍ ይቀበሉት፤ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በእነዚህ ላይ ይለጥፉለት።

የአየር ንብረትን ትምህርት በተመለከተ፣ እኛ ያለንን ዓይነት ቤተ ሙከራ ብዙ አገሮች አያገኙትም። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ገብስና በግ ከሚታይበት ደጋ ተነስቶ ማሽላ፣ ማሾና ማንጎ ያለበት ቆላ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከጉዞው በፊት ተማሪዎቹ ትንበያቸውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የ1,500 ሜትር ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጠዋት ደጋ ላይ የለኩትን ሙቀት እኩለ ቀን ቆላ ላይ ከለኩት ጋር ቢያወዳድሩ፣ የከፍታውን ለውጥ ከሰዓቱ ለውጥ ጋር ቀላቅለዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ቴርሞ ሜትር ከአንድ ተማሪ ጋር ትምህርት ቤት ይቀራል፤ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቦ በስልክ ይነግረናል። ልዩነቱ በትክክል 10 ባይሆንም ለምን እንዳልሆነ መከራከሩ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

በዚያ ጉዞ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጣርማ በር ላይ የምንቆምበትን ሰዓት ነው። ከገደሉ አፋፍ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ድረስ ይጓዛል፤ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ያመራል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ተማሪዎቹ ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ «ተፋሰስ» የሚለውን ቃል ትርጉም ያጠፋ ተማሪ አላጋጠመኝም። ለመኪና ገንዘብ ከሌለ በትምህርት ቤትዎ አቅራቢያ ያለ ትንሽ ኮረብታ ላይም ውኃ ለሁለት የሚከፈልበት አፋፍ አይጠፋም።

ዩኒቨርሲቲውን በተመለከተ፣ እርስዎ የጠቀሱት ክፍተት እውነት ነው፤ አሁን ደግሞ መልኩን ቀይሯል። ተማሪዎቻችን በነፃ በሚገኘው ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራምና በላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ያማሩ ካርታዎች ይሠራሉ፤ ካርታውን ይዘው መሬት ላይ የሚወጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ስገመግም ወንዙ በኮረብታው ጎን ላይ ሲሄድ አየሁ። ተማሪዋ የድሮውን፣ በአዲንዳን ዳተም (ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት የተለየ የቦታ መለኪያ መነሻ) የተሠራውን ካርታ ሳትቀይር ከጂፒኤስ ነጥቦቿ ጋር አደራርባ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ መዛነፍ አለ። ኮምፒውተሩ አላስጠነቀቃትም። ያንን ወንዝ አንድ ጊዜ ተሻግራው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ባወቀችው ነበር። ከዚያ በኋላ በምሰጠው ኮርስ ማንኛውም ካርታ በእግር የተረጋገጡ 10 ነጥቦች ከሌሉት አልቀበልም።

በቃል መያዝን ፈጽሞ ከሚያጣጥሉ ሰዎች ጋር ግን አልስማማም። ባሮ የት እንዳለ የማያውቅ ተማሪ ስለ ጋምቤላ ጎርፍ ማሰብ አይችልም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ተማሪዎችዎን ይጠብቃቸዋል። ቁጥሮቹን ግን ከአመጣጣቸው ጋር ያስተምሯቸው። የራስ ዳሽን ከፍታ በቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲባል ቆይቶ በኋላ በወጡ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱን ሲሰሙ «ተራራው አጠረ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ ቢሰጡት ጊዜዎ አይባክንም።

ስለ ፈተና አወጣጥ ላልጠየቁኝ ጥያቄም መልስ ልስጥ፤ ምክንያቱም ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። ከካርታ ንባብ ምዕራፍ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ መልሱ የሌለ ይሁን። እኔ የመንደሩን ካርታ ቁራጭ ሰጥቼ፣ አዲስ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን በየትኛው ነጥብ ላይ ቢቆም ያለ ሞተር ለሁሉም ቤት እንደሚዳረስ አስጠይቃለሁ፤ ለነጥቡ 2፣ ለምክንያቱ 6 ማርክ እሰጣለሁ። የ60 ተማሪ ወረቀት ማረም አንድ ምሽት ይወስድብዎታል። በመጀመሪያው ዙር ብዙዎቹ ጋኑን ሸለቆ ውስጥ ቢያስቀምጡት አይደንግጡ፤ ወረቀቱን መልሰው ይስጧቸውና ያንኑ ካርታ ይዘው ወደ ተዳፋቱ ይውጡ።