አክተሩን ተዉት፤ ሽማግሌው ማን ናቸው?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የህንድ ፊልም ወዳጅ ነበር። «ሾሌይ» በቪዲዮ በታየ ቁጥር ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ የልጃቸውን አስከሬን የሚዳስሱበት ቦታ ሲደርስ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። እኛ ልጆቹም «አሁን አባባ ሊወጣ ነው» እያልን በዓይናችን እንጠቃቀስ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያንኑ ፊልም ስናይ ክርክር ተነሣ። እርሱ፣ ሽማግሌው በእውነትም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ከመንገድ ተጠርተው የመጡ እውነተኛ ኢማም ናቸው ይላል። እኔ ደግሞ ፊልም ከመሥራታቸው በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ስማቸው ማን ነው? በሕይወት አሉ? ለምንስ አንድም ጊዜ ወጣት ሆነው አላየናቸውም?
ታላቅ እህት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድምዎ ክትፎውን ይዘዝ። ሽማግሌው ዓይናቸው የሚያይ፣ አሰግደውም የማያውቁ ሰው ናቸው። እንዲያውም የተወለዱት ከካሽሚር ብራህሚኖች ወገን ከሆነ የሂንዱ ቤተሰብ ነው። ስማቸው አቭታር ኪሻን ሀንጋል ይባላል፤ በፊልሞቹ መግቢያ ላይ «ኤ ኬ ሀንጋል» ተብሎ የሚጻፈው እርሳቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ መባሉም እውነት ነው። በሕይወት ግን የሉም፤ ኦገስት 26 ቀን 2012 ሙምባይ ውስጥ ዐርፈዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

እኛ ዘንድ የፊልም ተዋናይን አንቱ የማለት ልማድ የለም። አሚታብ ባቻን ሰማንያ ዓመት አልፎትም «አሚታብ መጣ፣ አሚታብ መታው» ነው የምንለው። ሀንጋልን ግን አንተ ልበል ብል አንደበቴ እምቢ ይለኛል። የጎረቤት ሽማግሌ ስም ያለማዕረግ የጠራሁ ይመስለኛል።

የተወለዱት በ1914 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው ሲያልኮት ነው፤ ያደጉት ፔሻዋር። ፔሻዋር የፊልም ሰው የምታበቅል ከተማ ናት፤ ዲሊፕ ኩማርም፣ የራጅ ካፑር ቤተሰብም ከዚያው ናቸው። መካከሏ ላይ ቂሳ ኽዋኒ የሚባል ገበያ አለ፤ የተረት ነጋሪዎች ገበያ እንደ ማለት ነው። በ1930፣ ሀንጋል የ16 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያ ገበያ ውስጥ ባዶ እጃቸውን በወጡ ሰልፈኞች ላይ ተኮሱ። ከዚህ ወዲያ እዚያ ያደገ ልጅ ፖለቲካ ውስጥ ቢገባ ምን ይገርማል? ከ1936 ጀምሮ በዚያችው ከተማ መድረክ ላይ መጫወት ያዙ፤ እንጀራቸው ግን በመቀስና በመርፌ ነበር። ኋላ ካራቺ ሄዱ፣ ኮሚኒስት ሆኑ፣ ህንድና ፓኪስታን በተለያዩበት ሰሞን እዚያው ታሰሩ። ሁለት ዓመት ያህል ታስረው ሲፈቱ፣ በ1949 ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ገቡ።

ያን ጊዜ 35 ዓመታቸው ነው። አክተር ለመሆን የማይመሽ ዕድሜ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ፊልም ኩባንያዎቹ በር አልሄዱም። ከእነ ተዋናዩ ባልራጅ ሳህኒና ከእነ ገጣሚው ካይፊ አዝሚ ጋር የህንድ ሕዝብ ቴአትር ማኅበር ውስጥ ገብተው ዓመታት በመድረክ አሳለፉ። የመጀመሪያ ፊልማቸው «ቲስሪ ካሳም» በ1966 ለሕዝብ ሲታይ 52 ዓመት ሞልቷቸዋል። ወጣት ሆነው ያላየናቸው ለዚህ ነው፤ ሌላው ተዋናይ ሽበቱን ቀለም እየቀባ ሲደብቅ እርሳቸው ከነሽበታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ከ200 በላይ ፊልም ሠርተዋል።

አባቴም ልብስ ሰፊ ስለነበር የሀንጋልን ነገር በተለየ ዓይን ነው የማየው። አባቴ ደንበኛ ገና ደጃፍ ላይ ሳለ ፊቱን አያይም፤ ትከሻውን ነው የሚያየው። «የዚህ ሰውዬ ቀኙ ዝቅ ይላል» ብሎ ለራሱ ያጉተመትምና ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። ሸክም የኖረበት፣ ሐዘን የገባበት፣ ሹመት ያገኘ፣ ሁሉም ትከሻው ላይ ይታያል ባይ ነበር። ሹመት ያገኘውን እንኳ ኮቱ ከኋላው ስለሚነሣ ነው የሚለየው! ሀንጋልን በዚህ ዓይን ይመልከቷቸው። ፊታቸው ብዙ አይሠራም፤ ድምፃቸውም ከፍ አይልም። ትከሻቸው ግን አንዴ የመንግሥት ጡረተኛ ይሆናል፣ አንዴ ዘመድ ቤት የተጠጋ አጎት ይሆናል፣ አንዴ በ1973ቱ «ናማክ ሀራም» ላይ እንደታየው የፋብሪካ ሠራተኞች መሪ ሆኖ ቀጥ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ግን ከትወና ብቻ ያገኙት አይመስለኝም፤ የታሰሩበት እምነት ነው።

አባትዎ ወደ ጓሮ የሚወጡበት ቦታም የትከሻ ጉዳይ ነው። ልጁ አህመድ በጋባር ሲንግ ሽፍቶች ተገድሎ አስከሬኑ በፈረስ ተጭኖ መንደር ገብቷል። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ሸክም ከእንግዲህ አንችልም ብሎ መንደሩን ከሽፍቶቹ ሊጠብቁ በመጡት በሁለቱ አክተሮች ላይ ሲነሣ ሽማግሌው ናቸው የሚመልሱት፤ ከዓለም ሸክም ሁሉ የሚከብደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በአባት ትከሻ ላይ ያረፈ የልጁ ሬሳ ነው ይላሉ። ይህን ሲናገሩ የገዛ ትከሻቸው አይጎብጥም። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ይጎብጥ ነበር፤ እርሳቸው ግን ገና ሸክሙ እንዳልተጫነበት ሰው ቀና እንዳሉ ናቸው።

ሾሌይ በወጣበት በ1975 የወጣውን «ዲዋር»ንም ይዩት። ፖሊሱ ሻሺ ካፑር የሚሸሽ ሌባ እግሩን መትቶ ይጥላል፤ ቀርቦ ሲያየው ዳቦ የሰረቀ ልጅ ነው። ጸጸት ይዞት ምግብ ቋጥሮ እነልጁ ቤት ይሄዳል። እናትየው ጮኻ ልታባርረው ስትነሣ አባትየው ይገባሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፤ ሀንጋል ናቸው። ፖሊሱን አይራገሙም። ዳቦም ይሰረቅ መቶ ሺህ ሩፒ፣ ስርቆት ስርቆት ነው ይሉታል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚታዩት፤ ፖሊሱ ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ ነው የገዛ ወንድሙን ለማሳደድ የሚቆርጠው። የፊልሙ ማጠፊያ እርሳቸው እጅ ላይ ነው ማለት ነው። በልጅነታችን «አክተር አይሞትም» እያልን እንማማል ነበር። ሾሌይም ዲዋርም አሚታብን ገድለው ሕጋችንን አፈረሱብን፤ ሽማግሌው ግን በሁለቱም አሉ።

ክፉ ዘመንም አልፎባቸዋል። በ1993 የትውልድ አገራቸውን ለማየት ቪዛ የጠየቁት ሰው ቦምቤይ በሚገኘው የፓኪስታን ቆንስላ በዓል ላይ ተጠርተው ተገኙ። በዚህ ምክንያት ሺቭ ሴና የተባለው የሂንዱ ብሔርተኞች ፓርቲ ፊልሞቻቸው እንዳይታዩ ዐድማ ጠራ፤ ከተቀረጹ ፊልሞች ውስጥ የእርሳቸው ክፍል እስከ መቆረጥ ደረሰ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ አጡ። ለነጻነት ታግለው የታሰሩ ሰው ናቸው ከሃዲ የተባሉት! በኋላ ተመልሰው ሠሩ፤ በ2001 በወጣው «ላጋን» ውስጥም አሉ። መንግሥትም በ2006 ፓድማ ቡሻን የተባለውን ታላቅ ሽልማት ሰጣቸው። ሽልማት መድኃኒት አይገዛምና በ2011 የሕክምና ወጪ እንደከበዳቸው በጋዜጦች ወጥቶ ብዙዎች ረዷቸው። በዚያው ዓመት በአንድ የልብስ ትርዒት ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው የዲዛይነር ልብስ አሳዩ። ልብስ ሰፊው ሰው መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው ስፌት ለብሰው ሲወጡ ሳይ ስፌቱን በዓይናቸው ሳይመረምሩት አልቀረም አልኩ፤ ሰፊ ልማዱን አይተውም።

ክትፎው ላይ አይብ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ከህንዶች ጋር ነው የምሠራው። ክፍሉ ጸጥ ሲል አንዱ ሁልጊዜ «ኢትና ሰናታ ኪዩን ሄ ባይ» ይልና ሁሉም ይስቃሉ። ከፊልም ነው አሉኝ፤ የማን ንግግር ነው?
ከሪያድ

መልስ፦ እንዴት ያለ ግጥጥሞሽ ነው! የእኚሁ የሀንጋል ነው፤ ከሾሌይ። «ወንድሞቼ፣ ይህን ያህል ጸጥታ ለምንድን ነው?» ማለት ነው። አህመድ ሥራ ተገኝቶለት ከመንደር የወጣ ዕለት ነው፤ አስከሬኑ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ሕዝቡ ከብቦ ቆሟል፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ዓይነ ስውሩ አባት በትራቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ጸጥታው ገርሟቸው ነው እንዲህ ብለው የሚጠይቁት። የሚመልስላቸው የለም።

ህንዶቹ ቢስቁ አትቀየማቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያገለገለ ንግግር እንደ ሳንቲም ጽሑፉ ይጠፋል። ብቻ ሽማግሌው በመጨረሻ የሚሉትን ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቃቸው። አዛን ይሰማል፤ ሽማግሌው ወደ መስጊድ የሚያደርሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለዚህ መንደር የሚሞቱ ሌሎች ልጆች ለምን እንዳልሰጣቸው ዛሬ ፈጣሪን ሊጠይቁት ነው። ይህችኛዋን ለቀልድ ያነሣት ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።