በውክልና መኪና ልግዛ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ላገለገለች ቶዮታ ቪትስ ቀብድ ልከፍል ነው። ሊብሬው ግን በሌላ ሰው ስም ስለሆነ ደላላው በውክልና እንድጨርስ ይገፋፋኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀብዱን ያቆዩት። ውክልና ብቻውን ባለቤትነትን አያስተላልፍም፤ ወካዩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር ገንዘብዎን ከፍለው የሰው ንብረት ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ስሙ በሊብሬው ላይ የሰፈረው ሰው፣ ያገባ ከሆነም ከትዳር አጋሩ ጋር ቀርቦ፣ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈርም። ከዚያ በፊት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን የመኪናዋ ፋይል ካለበት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

መኪናዋን ጠዋት፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ይዩ። ሻጩ «አሙቄ ጠበቅኩዎት» ካለ (ትሕትና ይመስላል) ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ አስቀድሞ ከሞቀ ግን ይህ ሊደበቅ ይችላልና። ከዚያ መካኒክዎን አሳፍረው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡባት፤ ማንዋል ከሆነችና ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቆጣሪው 60,000 ኪሎ ሜትር እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ካገኙት፣ እኔ ብሆን የማምነው ፔዳሉን ነው።