ሲቪሽን ቁረጪ የሚልሽን ሁሉ አትስሚ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ዶክትሬትሽን ልትጨርሺ ነው። ለረዳት ፕሮፌሰርነት ልታመለክቺ ሲቪ አዘጋጅተሽ 7 ገጽ ሆነብሽ፤ ሰዎች ደግሞ «ወደ 2 ገጽ አሳጥሪው» ብለው ግራ አጋቡሽ። «አዎ ቁረጪው፣ ረጅም ሲቪ ማንም አያነብም» ብለው የመለሱልሽንም አነበብኩ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ እኔን ሥራ ያሳጣኝ ይኸው አባባል ነው።

የ2 ገጹ ነገር የሚሠራው ለድርጅት ሥራ ነው። የመምህርና የተመራማሪ ሲቪ ሌላ ነው። ያሳተምሽው፣ ያስተማርሽው፣ ኮንፈረንስ ላይ ያቀረብሽው፣ ያማከርሻቸው ተማሪዎች፣ ያገኘሽው የምርምር ገንዘብ ሁሉ ይገባበታል። በየዓመቱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ገደብ የሚኖረው ማስታወቂያው ራሱ ሲያስቀምጥ ነው። የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት ይህን ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ለእነሱ ብቻ አጭር ታዘጋጂያለሽ፤ ዋናውን አትነኪውም።

1. ቅደም ተከተሉን ማስታወቂያው ይወስን። ማስተማርን አስቀድሞ ከጻፈ የማስተማር ልምድሽ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይውጣ። ምርምርን ካስቀደመ ኅትመትሽ ይቅደም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በደረሰብኝ ነገር ነው።

ማመልከቻዬን ይዤ የሄድኩበት ቢሮ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ገጾቹን በአውራ ጣቱ ቆጠረ። «ይሄ ምንድን ነው፣ መጽሐፍ ነው? 2 ገጽ አድርገህ ና» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ የገጽ ገደብ እንደሌለ አሳየሁት። «እኔ አይደለሁ እንዴ የምነግርህ!» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። የመጨረሻው ቀን ስለነበር መከራከሪያ ጊዜ አልነበረኝም። ትምህርቴና ኅትመቴ ብቻ ቀሩ፤ የማስተማር ገጼ በሙሉ ወጣ።

ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠራሁም። ቆይቶ ከኮሚቴው አባላት አንዱን ስብሰባ ላይ አገኘሁትና ምክንያቱን ጠየቅኩት። «ምርምርህን ወደነው ነበር። ማስተማርህን የሚያሳይ ግን አንድ መስመር አጣን» አለኝ። እኔ ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ! የላብራቶሪ ክፍል፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ሙሉ ኮርስ ሳይቀር። ኮሚቴው ስለ 2 ገጽ ገደብ ሰምቶም አያውቅም። ደንቡ የዚያ ሰውዬ የራሱ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመሽ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ኢሜይል ጻፊ። ትሕትና ያለበት አጭር ጥያቄ ይበቃል፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ። የግድ ማሳጠር ካለብሽም አንድን ክፍል ከነሥሩ አትንቀዪ። ከየክፍሉ አሮጌውንና ትንሹን ቀንሺ፤ «የተመረጡ ኅትመቶች»፣ «የተመረጡ ኮርሶች» ብለሽ ርዕስ ስጪው። አንባቢው ሌላም እንዳለሽ ይገባዋል።

2. የማስተማር ልምድሽን በዝርዝር ጻፊ። «ረዳት መምህር» ብሎ ዓመተ ምሕረት መደርደር ምንም አይናገርም። ሲቪዬን እንደገና ስሠራው ያንኑ መስመር እንዲህ አደረግኩት፦ «የስታትስቲክስ መግቢያ፣ ለ2ኛ ዓመት፣ 80 ተማሪዎች። ሳምንታዊ መልመጃዎችን አዘጋጀሁ፣ የፈተናውን ግማሽ አወጣሁ፣ የተማሪዎች ግምገማ ከአባሪው ጋር ተያይዟል።» ከዚያ በኋላ ባመለከትኩበት ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያ መስመር ነበር። መልመጃዎቹን እንዴት እንደሠራኋቸው እያስረዳሁ የቃለ መጠይቁ ግማሽ አለፈ። ሥራውን አገኘሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ተማሪዎቼ ሲያመለክቱ ሲቪያቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ በዚህም እኮራለሁ።

3. ኅትመቶችሽን አትደባልቂ። አሁን እኔም ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የታተመ፣ ተቀባይነት ያገኘ፣ በግምገማ ላይ ያለ፣ በዝግጅት ላይ ያለ፤ አራቱ የተለያዩ ናቸው፣ በየራሳቸው ርዕስ ይቀመጡ። አንድ ጊዜ ረጅም የኅትመት ዝርዝር ያለው አመልካች መጣ። አንዷ ባልደረባችን ላፕቶፗን ከፍታ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ዲኦአይ (የታተመ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን መለያ ቁጥር) መፈለግ ጀመረች። አብዛኛው የለም። ሰውየው ረቂቆቹን ከታተሙት ጋር ቀላቅሎ ነበር። የታተሙት ጥቂት ጽሑፎች እውነትም ጥሩ ነበሩ፣ ግን ከዚያ በኋላ ማን ይመነው? ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትም ጆርናል ውስጥ የወጣ ነገርም ያው ነው። ቁጥር ይጨምርልሽ ይሆናል፣ ስምሽን ግን ያስከፍልሻል።

የደራሲዎችን ቅደም ተከተል እንዳለ ጻፊ፤ የራስሽን ስም ብቻ አድምቂው። ሒሳብና ኢኮኖሚክስ ላይ ስም የሚደረደረው ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ነው። ሕክምናና ባዮሎጂ ላይ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የላብራቶሪው ኃላፊ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ከሌላ ዘርፍ የመጣ ሰው ይኖራልና ያንቺን ድርሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪው፦ «መረጃውን የሰበሰብኩትና የተነተንኩት እኔ ነኝ» ብለሽ።

ከየጽሑፉ ጎን የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር (ጽሑፎቹ በአማካይ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር) የመለጠፍ ነገር አለ። እኔ አልወደውም። ያ ቁጥር የጆርናሉ እንጂ ያንቺ ጽሑፍ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ በ2013 የወጣው ዶራ የሚባለው የምርምር ግምገማ መግለጫ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፤ ብዙ ተቋማት ፈርመውበታል። ኤች ኢንዴክስንም ለጊዜው ተዪው። ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው፣ የአንድን ሰው ጽሑፎች ብዛትና የተጠቀሱበትን ቁጥር አጣምሮ የሚለካ ቀመር ነው፣ ብዙ ላሳተመና ረጅም ጊዜ ለሠራ ሰው ያደላል። ገና ጀማሪ ስለሆንሽ አንቺን ያሳንስሻል።

ኦርኪድ ከሌለሽ ግን ዛሬውኑ አውጪ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ነው፣ ለተመራማሪው በነፃ ነው። ስምሽ አንዱ ጽሑፍ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ላይ በሌላ ከወጣ ሥራዎችሽን አንድ ላይ የሚይዝልሽ እሱ ነው። ቁጥሩን ከስምሽ ሥር አስቀምጪው።

ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ፎቶ ካልተጠየቅሽ አታስገቢ። የ2ኛ ደረጃ ውጤትሽንም እርሺው። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገሽ በስምሽ ሰይሚው።

4. ምስክር የሚሆኑልሽን ሰዎች አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ ማስታወቂያውንና ያለቀውን ሲቪ ላኪላቸው። ሁሉም የምርምር ሰዎች እንዳይሆኑብሽ። አማካሪሽ ስለ ምርምርሽ እንጂ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሆንሽ ላያውቅ ይችላል። ኮርሱን ይመራ የነበረ ወይም ስታስተምሪ ገብቶ ያየሽ አንድ ሰው ጨምሪ። ቀነ ገደቡ ቅርብ ከሆነ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት እሱን ጠይቂ፤ አማካሪሽ የምርምር ደብዳቤሽን ከዚህ በፊት ጽፎት ይሆናል፣ ይህኛው ሰው ግን ከባዶ ነው የሚጀምረው።