የፖከር ጥያቄ ያላችሁ ኑ፣ ዛሬ እረፍቴ ነው

አዳይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ላስ ቬጋስ ፖከር ቤት ውስጥ ካርታ ማደል ከጀመርኩ 14 ዓመት አለፈኝ። ዛሬ እረፍቴ ነው፤ ቡናዬም ቀርቧል። ስለ ቴክሳስ ሆልደም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ስሎት ማሽን፣ ሩሌት፣ የኳስ ቤቲንግ አታምጡብኝ። እና ገና ሳንጀምር፦ የቤት ኪራይ ብር ይዛችሁ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ። ይህን ዛሬ አሥር ጊዜ እላታለሁ።

ጀማሪው፦ ጋሽ አዳይ፣ እናመሰግናለን። እኔ ከዜሮ ነኝ። ኮንከር እንጂ ፖከር ነክቼ አላውቅም። ጨዋታው እንዴት ነው?

አዳይ፦ መጀመሪያ ኮንከርን እርሳው። ኮንከር ላይ ትስባለህ፣ ትጥላለህ፣ እጅህን እያሟላህ ትሄዳለህ። እዚህ መለወጥ የለም። ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጥሃል፤ ያንተ ያ ብቻ ነው። መሃል ላይ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስት ባንዴ፣ ፍሎፕ ይባላል። ከዚያ አንድ፣ ተርን። የመጨረሻዋ ሪቨር። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱ እጅህ ናቸው።

ብር የሚወጣው አራት ጊዜ ነው። ሁለቱን ካርታህን እንዳየህ፣ ከዚያ ከፍሎፕ፣ ከተርንና ከሪቨር በኋላ። ተራህ ሲደርስ ፎልድ ብለህ ትጥላለህ፣ ኮል ብለህ የተጠየቀውን ትከፍላለህ፣ ወይም ሬይዝ ብለህ ትጨምራለህ። ከፊትህ ያስያዘ ከሌለ ቼክ ብለህ ታሳልፋለህ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ካርታ ሳያዩ በግድ ያስይዛሉ፤ ብላይንድ እሱ ነው። «1-3 ጠረጴዛ» ሲባል አንዱ 1 ዶላር፣ ሌላው 3 ዶላር ያስይዛል ማለት ነው። ሁሉም ጥሎ አንተ ብቻ ከቀረህ ካርታህን ለማንም ሳታሳይ ፖቱን፣ ማለትም መሃል የተጠራቀመውን ብር፣ ትወስዳለህ። የኮንከር ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

የዲሲዋ፦ ፍለሽና ስትሬት ማን ይበልጣል? ሁሌ ይምታታብኛል።

አዳይ፦ ፍለሽ። ዝም ብለሽ ከምትሸመድጂው ምክንያቱን ያዢ፤ ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ከ52 ካርታ አምስት አምስት ሲወጣ 2,598,960 ዓይነት እጅ አለ። ከዚህ ውስጥ ስትሬት፣ ማለትም አምስት ተከታታይ፣ 10,200 ነው። አምስቱም አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ ወይም ሁሉም ስፔድ የሆነው ፍለሽ 5,108 ብቻ። ፉል ሀውስ ደግሞ 3,744። ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ይበልጣል። ከሱ በላይ አራት ተመሳሳይ፣ ከዚያ ስትሬት ፍለሽ። ከስትሬት በታች ሦስት ተመሳሳይ፣ ሁለት ጥንድ፣ አንድ ጥንድ፣ ከዚያ ባዶ እጅ።

ሰባት ሁለት፦ ትናንት እኔም እሱም የኤስ ጥንድ ነበረን። ለምን እሱ ብቻ ወሰደ?

አዳይ፦ ኪከር። ኤስ ከምን ጋር ነበር የያዝከው?

ሰባት ሁለት፦ ኤስና 6።

አዳይ፦ አጃቢህ 6 ናት፤ የሱ አጃቢ በልጣለች። ከጀማሪ ብዙ ብር የሚበላው እጅ ይሄ ነው። ኤስ ስላየህ ብቻ አትግባ።

ታዛቢ፦ ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ቁማር አይደለም እንዴ? ስንት ትዳር የፈረሰበትን ነገር እንደ ሒሳብ ትምህርት ታስተምሩታላችሁ።

ኮንከር ሊቅ፦ ፖከር ችሎታ ነው። በ2019 አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ታዋቂ ባለሙያዎችን አሸነፈ። ፕሉሪበስ ይባላል። ዕድል ብቻ ቢሆን እንዴት ያሸንፋል?

ታዛቢ፦ ኮምፒውተር ኪራይ የለበትም፣ ልጅ የለውም።

ኮንከር ሊቅ፦ ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ ከፖከር ኮንከር ይከብዳል። የተጣለውን ሁሉ ማስታወስ አለብህ።

የዲሲዋ፦ ኧረ ተው! ጆከር የደረሰው ሁሉ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ?

ኮንከር ሊቅ፦ አንቺ ከማን ጋር ተጫውተሽ ነው? ነይ እኛ ሰፈር።

አዳይ፦ የኮንከር ጸብ ሌላ ቦታ። ለታዛቢ፦ አዎ፣ ቁማር ነው። አንድ ሌሊት ላይ ዕድል ይበልጣል፤ ዓመት ላይ ችሎታ ይታያል። ሩሌት ላይ ከቤቱ ጋር ትጫወታለህ፤ ፖከር ላይ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር። ግን ቤቱም ከእያንዳንዱ ፖት ሬክ ብሎ ይቆርጣል። ብዙ ቦታ 10 በመቶ ያህል ነው፤ ጣሪያ አለው። ስለዚህ ከጎረቤትህ በትንሹ መሻልህ አያዋጣህም። የቆረጣውንም መሸፈን አለብህ። ኪራይ ይዛችሁ አትቀመጡ የምለው ከዚሁ ነው። ትዳርን በተመለከተ ካንተ አልጣላም።

ናታኒያ፦ ሰላም፣ ሕጉን አውቃለሁ። ግን የትኛውን እጅ ልጫወት፣ የትኛውን ልጣል?

አዳይ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። አሁን ቡናዬን ልድገም።

መልሱ ካርታው ብቻ አይደለም፤ የተቀመጥሽበት ቦታ ነው። ጠረጴዛ ላይ በተን የምንላት ክብ ነጭ ምልክት አለች። በየእጁ አንድ ሰው ወደ ግራ ትሄዳለች። ከፍሎፕ በኋላ በተኑ ፊቱ ያለ ሰው መጨረሻ ይናገራል። የዕድር ስብሰባ አስቢ። መጀመሪያ የተነሣው ሰው በጭፍን ይናገራል። መጨረሻ የሚነሣው የሁሉንም ሆድ አይቶ ነው። ማን ፈራ፣ ማን ጨመረ፣ ማን ዝም አለ። ፖከር ላይ ይህ ብር ነው።

ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የምትናገሪ ከሆነ ጠባብ ሁኚ። ከ9 ጥንድ ወደ ላይ፣ ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ኤስ-ጃክና ኪንግ-ኩዊን። ሌላው ይጣል። ኪንግ-ጃክ ቆንጆ ይመስላል፤ ግን ስምንት ሰው ከኋላሽ ገና አልተናገረም። ጣዪው። ያው ኪንግ-ጃክ በተን ላይ ሆነሽ፣ ሁሉም ጥለው ከደረሰሽ ግን አትጣዪው፣ ጨምሪ። እዚያ ማንኛውንም ጥንድ፣ ኤስን ከማንኛዋም የራሷ ዓይነት ጋር፣ እንደ 8-9 ያሉ ተከታታዮችም አንድ ዓይነት ከሆኑ መጫወት ይቻላል። ካርታው አልተለወጠም፤ ወንበሩ ተለወጠ።

ስትገቢ ደግሞ ጨምረሽ ግቢ። 1-3 ጠረጴዛ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ 12 ወይም 15 ይላል። በ3 ዶላር ኮል እያሉ ተንሸራትቶ መግባት የጀማሪ ምልክት ነው። ከአሥር እጅ ሁለቱን ብትጫወቺ ይበቃል። ስምንቱን ጊዜ ቁጭ ብለሽ ሰው እዪ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። የሚያዋጣው ግን አሰልቺው ነው።

ሎተሪ፦ ጋሼ፣ ባጭሩ እንዴት ላሸንፍ?

አዳይ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመልስም። ስንት ይዘህ፣ የት ተቀምጠህ፣ ምን ካርታ ደርሶህ?

ሎተሪ፦ በአጠቃላይ ነው የምልህ። ያ ሞኒሜከር የሚባለው ሰውዬ እንኳ ኢንተርኔት ላይ በትንሽ ብር ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አልወሰደም?

አዳይ፦ ወስዷል፣ በ2003። የዚያ ዓመት የዓለም ፖከር ውድድር (WSOP) ዋናው ጨዋታ ላይ 839 ሰው ነበር። የ838ቱን ታሪክ ማን ጠየቀ? ቀጣይ።

ሌሊት ሹፌር፦ እኔ ከታክሲ ሥራ በኋላ አንዳንዴ እገባለሁ። ሕጉን ባላውቅ አዳዩ ይነግረኛል ወይስ ብሬን ያስበላኛል?

አዳይ፦ ወንድሜ፣ ስለዚህ መጽሐፍ ልጽፍ እችላለሁ። አንዱን ልንገርህ።

አንድ ሌሊት አንድ የኛው አገር ሰው፣ እንዳንተው ሹፌር፣ እኔ ጋ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ሲጥል ቆየ፤ ጎበዝ ነው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። በኋላ እንዳየነው ኤስ-ኤስ ደርሶታል። ኤስ-ኤስ ከ221 እጅ አንዴ ናት። በሰዓት 30 እጅ ቢታደል በአማካይ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠብቃታለህ ማለት ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ አንዲት አረንጓዴ የ25 ዶላር ቺፕ ወደ ፊት ገፋ። ምንም አልተናገረም።

አየህ፣ አንዲት ትልቅ ቺፕ ዝም ብለህ ከጣልክ ሕጉ ኮል ነው የሚለው። ወደ 25 ጨምሬያለሁ ብሎ አስቧል። እኔ 3ቱን ወስጄ 22 መለስኩለት። እንደዚያ ያየኝን አልረሳውም። አምስት ሰው በ3 ዶላር ተከትሎት ገባ። ኤስ-ኤስ ካንድ ሰው ጋር ከ100 85 ጊዜ ገደማ ታሸንፋለች። ከአምስት ሰው ጋር ግን 49 ያህል ብቻ። አንዱ ባለ 5-6 ሁለት ጥንድ ሠርቶ ወሰደው።

አንድ ቃል ነበር የጎደለው። «ሬይዝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ይጸና ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ተናገር፣ ከዚያ ግፋ። ቺፕም ባንድ እንቅስቃሴ ይግባ። ትንሽ አስገብተህ፣ የሰው ፊት አይተህ፣ ተመልሰህ መጨመር የለም። ተራህንም ጠብቅ። አዳይ ሕጉን ይነግርሃል፤ ግን ከተሳሳትክ በኋላ ሊያድንህ አይችልም።

የዲሲዋ፦ እኔም አንድ አለኝ። እዚህ አንድ ካሲኖ ከእህቴ ጋር በአማርኛ ስላወራን ተቆጡን። ዘረኝነት አይደለም?

አዳይ፦ ካርታ እየታደለ ነበር?

የዲሲዋ፦ አዎ፣ ግን ስለ እራት ነው ያወራነው።

አዳይ፦ እዚህ አገር አብዛኛው ፖከር ቤት እጁ እስኪያልቅ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለቻይናውም ለሜክሲኮውም ያው። ሌላው ተጫዋች እየተመካከራችሁ እንደሆነ በምን ያውቃል? እኔ ጋ ሁለት ልጆች «በለው፣ አትፍራ፣ ባዶውን ነው» ሲባባሉ ሰምቼ አስጠንቅቄያለሁ። አማርኛ እንደምሰማ አልጠረጠሩም። አንዱ ቀና ብሎ «አበሻነትህን ረሳኸው?» አለኝ። አልረሳሁም። ስላልረሳሁ ነው የገባኝ።

ሎተሪ፦ ሃሃሃ! ባንዳ ነህ ጋሼ።

ኮንከር ሊቅ፦ ልጁ ያለው ትክክል ነው። ለአገርህ ልጅ አንድ ጊዜ ብታልፈው ምን ነበረበት?

አዳይ፦ ሥራዬን ማጣት ነበረበት። ቀጣይ።

ናታኒያ፦ አንድ እጅ ላምጣ። ኤስና 9 ልብ ይዣለሁ፣ በተን ላይ ነኝ። ፍሎፑ ኪንግ ልብ፣ 4 ልብ፣ 7 ስፔድ። ፖቱ 60 ዶላር፣ ሰውዬው 40 አስያዘ። ኮል አልኩ። ልክ ነኝ?

አዳይ፦ እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ ጥያቄ ደስ ይለኛል። እንቁጠር። ልብ በጠቅላላ 13 ነው፤ አራቱን አይተሻል፣ 9 ቀርቷል። ፖቱ 60፣ የሱ 40፣ አሁን 100 ነው። 40 ከፍለሽ 140 ለሚሆን ፖት ትጫወቻለሽ። 40 ለ140 ሲካፈል 28.6 በመቶ። ከዚያ በላይ ዕድል ካለሽ ያዋጣሻል።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ፍለሹ በሁለቱ ካርታ፣ በተርንና በሪቨር፣ የመምጣት ዕድሉ 35 በመቶ ነው። በተርን ብቻ ግን 19። በአእምሮ ለማስላት 9ን ለሁለት ካርታ በ4፣ ለአንድ ካርታ በ2 አባዢው፤ ይጠጋል። ሰውዬው 40 ብቻ ቀርቶት ሁሉንም ገፍቶ ቢሆን ሌላ የምትከፍዪው የለም፤ ሁለቱንም ካርታ ታያለሽ። 35 ከ28.6 ይበልጣል፤ ሳታመነቺ ክፈዪ። ገና ብዙ ብር ፊቱ ካለ ግን ተርን ላይ እንደገና ያስከፍልሻል። ስለዚህ በ19ኙ አስቢ፤ በዚያ ከሄድሽ 100 ዶላሩ ብቻ አይበቃም። ፍለሹ ሲመጣ ከሱ በአማካይ ወደ 69 ዶላር ተጨማሪ ማውጣት አለብሽ። መጨረሻ ተናጋሪ ነሽ፣ ፍለሽሽ ደግሞ በኤስ ነው፤ በሌላ ፍለሽ አትበለጪም። ሰውዬው ፊት 200 ዶላር ቢኖር እኔም ኮል እላለሁ። 50 ብቻ ቢቀረው እጠራጠራለሁ። ስንት ነበረው?

ናታኒያ፦ አላየሁም።

አዳይ፦ እሱን ነው መጀመሪያ የምታዪው። ከካርታሽ በፊት።

ሎተሪ፦ ብለፍ፣ ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራቱ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?

አዳይ፦ በ1-3 ጠረጴዛ? አታድርገው። ኮል ሳይል የማያድር ሰው ፊት ምን ያስዋሽሃል።

ጀማሪው፦ ያሸነፍኩት ላይ ታክስ አለ? ዕድሜስ? ኢንተርኔት ላይ ልለማመድ?

አዳይ፦ ታክስ አለ፤ የሒሳብ ባለሙያህን ጠይቅ። ኔቫዳ ውስጥ 21 ዓመት። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ቺፕስ ሕጉን ተለማመድ፤ ስልቱን ግን አይደለም። በነጻ ቺፕ ማንም ካርታውን አይጥልም።

ኮንከር ሊቅ፦ ጋሽ አዳይ፣ ልጆቹ ይጠይቁኝ ነበር። ስትሬትና ፍለሽ ማን ነው የሚበልጠው?

አዳይ፦ ከላይ መልሻለሁ። በቁጥር። ልጆቹ ናቸው ወይስ አንተ?

የዲሲዋ፦ 😂 ኮንከር ሊቅ ሆይ!

ሌሊት ሹፌር፦ የዚያ ሹፌር ነገር ከሆዴ አልወጣም። ከዚያስ? ተጣላ?

አዳይ፦ አልተጣላም። ሌላ ሦስት እጅ ጥሎ ተነሣ። የኪራይ ብር አልነበረም፤ 150 ዶላር ይዞ ነበር የመጣው፣ ሲወጣ 90 ያህል ይዞ ወጣ። ሲያልፍ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ሬይዝ ነበር እኮ» አለኝ። በአማርኛ። እጁ አልቆ ስለነበር ዝም አልኩ።