ሃምሳ ዓመታችንን አብረን እናክብር አሉ፣ እኔ ግን በምን አቅሜ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዚህ አምድ አዘጋጅ። መምህር ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በ1986 ስድስት ኪሎ ገብተን በ1989 የተመረቅን የጂኦግራፊ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ዘንድሮ 2018 አብዛኞቻችን ሃምሳ ስለምንሞላ ለየብቻ ከምናከብር አንድ ላይ ይሁን ተባለ፣ ውጪ ያሉትም የልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ እንመጣለን አሉ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ። ከዛ አንዱ ልጅ ሆቴል አጣርቶ መጣና እራት፣ ባንድ፣ ቲሸርት፣ ፎቶግራፈር ምናምን ብሎ በነፍስ ወከፍ 12 ሺህ ብር ነው ብሎ ጻፈ፣ ላይኩ ወረደ፣ እኔ ዝም አልኩ። 12 ሺህ ለኔ የቤት ኪራይና የልጆች ትራንስፖርት ነው። የዶርሜ ልጅ ደውላ ለምን ጠፋሽ ስትለኝ እናቴን አሟት ነው ብዬ ዋሸሁ፣ እናቴ ግን ደህና ናት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ውሸት ራሱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ደግሞ ከመሀላችን ሙስሊሞች አሉ፣ ጿሚዎች አሉ፣ አንዷ ጓደኛችንም ከሦስት ዓመት በፊት አርፋለች፣ ስሟን እስካሁን ያነሳ የለም። ልቅር ወይስ ተበድሬ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ብዬሽ ልጻፍ፣ እኔም ከሃምሳው ሩቅ አይደለሁም። አትበደሪም፣ አትቀሪምም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ነው። እናንተ የተማራችሁበት ጊዜ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው፣ ተማሪው የወጪውን ድርሻ የሚከፍልበት፣ ገና አልመጣም፣ እሱ በ1996 ነው የጀመረው፣ ስለዚህ የነጋዴ ልጅም የገበሬ ልጅም እኩል ተሰልፎ ያንኑ ወጥ በልቶ እዛው ዶርም ተኝቶ ተመረቀ፣ ማንም ከማንም ሳንቲም ሳይጠየቅ። ጓደኛሞች የሆናችሁት እኮ እንደዛ ነው። አሁን ለዛ ጓደኝነት የመግቢያ ዋጋ ሲወጣለት ነው እኔን የከፋኝ፣ ልጁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ አቅሙ ስላለው የሌላው አቅም አልታየውም፣ ግን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

መጀመሪያ ለዶርምሽ ልጅ ደውዪላት። ስለ ብሩ ሳታነሺ ከውሸቱ ጀምሪ፣ "እናቴ ደህና ናት፣ አፍሬ ነው እንደዛ ያልኩሽ" በያት። ይሄ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ የእናት ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ግን አራት ዓመት አብራሽ የኖረች ሴት ይሄን ሰምታ የምትርቅሽ አይመስለኝም። ከዛ ሁለታችሁ ሆናችሁ ሌላ ሐሳብ ይዛችሁ ግሩፑ ላይ ውጡ፣ ሁለት ሰው ሲናገር የአንድ ሰው ችግር መሆኑ ይቀራል፣ ላይክ ካደረጉት ውስጥም ይሉኝታ ይዟቸው ያደረጉ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ሐሳቡ ምን ይሁን ካልሽኝ፣ እኔ ብሆን እራቱን ወደ ምሳ እቀይረዋለሁ፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ማታ ራይድ ከየት ይገኛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ በር ላይ ተገናኙ። ወደ ግቢው ዝም ብሎ ስለማይገባ ቀደም ብላችሁ ደብዳቤ አስገቡ። ያ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተመንግሥት የነበረ ነው፣ አፄ ኃይለሥላሴ ናቸው ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት፣ የንጉሡ መኝታ ቤት እስከዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል፣ እዛው ሲማሩ ኖረው አንዴም ሳይገቡ የተመረቁ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ፎቶውን ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ጣሊያን ሠርቷት የትም የማታደርሰው ደረጃ ጋ ተነሱ፣ ያቺ አናቷ ላይ አንበሳ የተቀመጠባት። ኬኔዲ ላይብረሪን እዩት። ሌሊት ለፈተና ስታጠኑ ከአንበሳ ግቢ የሚመጣውን ግሳት አውሩ፣ ልጆቻችሁም ካሉ ይስሙ። ከዛ በእግራችሁ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ፣ እግር የሚያመው ታክሲ ይያዝ፣ ፒያሳ ቶሞካ ቆማችሁ ቡና ጠጡ። ፒያሳ በ2016 ብዙ ቦታዋ ስለፈረሰ ከውጪ የመጡት መንገድ ይጠፋባቸዋል፣ ይደነግጣሉም፣ እናንተ እዚህ ያላችሁት ምሯቸው።

ምሳው ላይ ደግሞ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ፣ ሁሉም የጾም ይሁን። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ስለሚፈታ ብዙዎቹ ቅዳሜ ቀን ሥጋ አያምራችሁም ወይ ይላሉ፣ ያምራል፣ ግን ሥጋ ከሆነ ክርስቲያኑ ለብቻ ሙስሊሙ ለብቻ ሁለት ጠረጴዛ ይሆናል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ከሆነ ግን ሁሉም ባንድ ትሪ ይቀርባል፣ መጎራረስም ይቻላል። ከስንት ዓመት በኋላ መጎራረስ ካልተቻለ ምኑን ተገናኘነው? ቀኑ ወደ ነሐሴ ቢገፋ እንኳን ፍልሰታ ነው፣ ምግቡ አይቀየርም። ዋጋውም ከሆቴሉ ጋ አይገናኝም።

ገንዘቡን አንድ የምታምኑት ሰው ይያዝ፣ ሁሉም የቻለውን በግል ይላክለት፣ ማን ስንት ሰጠ የሚል ዝርዝር ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ። ዶላር ያለው ብዙ ልስጥ ካለ ይስጥ፣ ደግ ነው።

ኬኩ አንድ ይበቃል፣ ስም አያስፈልገውም። በኛ ዕድሜ ትክክለኛ ቀኑን የሚያውቅ ስንት አለ፣ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው እኮ በ2008 መጨረሻ ነው፣ እናቶቻችን "የጊዮርጊስ ማግስት" ነው የሚሉን፣ ውጪ ካሉትም 1968 ብለው የሞሉት ሳይቀየር የፈረንጅ ሆኖ ተመዝግቦባቸው በወረቀት ከሃምሳ አልፈው የሄዱ አይጠፉም። አብራችሁ ማክበራችሁን የወደድኩት ለዚህም ነው።

ያረፈችውን ጓደኛችሁን ግን ለቀኑ ፕሮግራም አትተዉአት። ከዛ በፊት ባለው ሳምንት ሦስት አራት ሆናችሁ ቤተሰቦቿ ጋ ሂዱ፣ ቡና ይዛችሁ፣ ሃምሳ ልንሞላ ነው፣ እሷም ዘንድሮ ትሞላ ነበር በሏቸው፣ ፎቶዋን ካላቸው ለምኑ። ምሳው ላይ ፎቶዋ ይቀመጥ።

ግሩፑ ላይ የምትጽፊው ቃል ከጠፋሽ ይሄን ውሰጂ፦ "ልጆች፣ ሁላችሁም ናፍቃችሁኛል፣ 12 ሺህ ግን እኔ አልችልም፣ ሌላም የማይችል ይኖራል። ግቢያችን ሄደን የጾም ምሳ ባንድ ትሪ እንብላ፣ ደብዳቤውን እኔ አስገባለሁ፣ ቅርብ ነኝ።" ላኪውና ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ ክፍል ግቢ፣ መልሱን ከክፍለ ጊዜው በኋላ ታይዋለሽ።