ልጄን ትምህርት ቤት «አንቺ» እያሉ ያበሽቁታል

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ስሙ ምህረት ይባላል። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውብኝ ስለነበር ስሙን ያወጡለት የባለቤቴ እናት ናቸው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ቀይረንለት 5ኛ ክፍል ገባ። ክፍሉ ውስጥ ምህረት የምትባል ሴት ልጅ አለች፤ ወንዶቹ «አንቺ»፣ «ምህረትዬ» እያሉ ያበሽቁታል። በቅርቡ አንዱን በማስመሪያ ፊቱን መታው። እሁድ እሁድ ማታ ሆዴን ይላል። ባለቤቴ በራሱ ጊዜ «ምህረቱ» እያለ መጥራት ጀምሯል፤ አማቴ ደግሞ «ስሙን ከነካችሁት ልጁ አይበረክትም» ብለው አኩርፈዋል። ስሙን እንቀይረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አትቀይሩት። መቼም አይቀየር ማለቴ ሳይሆን ፉገራው በጦፈበት ሰሞን አይሁን ነው። ሰኞ ጠዋት በአዲስ ስም ክፍል ቢገባ የሚያሾፉት ልጆች እንደሠራላቸው ያውቃሉ፤ የቀድሞው ስሙ ከዚያ በኋላ የለየለት መሰደቢያ ይሆናል። እሱም ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የራሱ እንደነበረ ይማራል።

ችግሩ ዘንድሮ መፈንዳቱ አይግረምዎ። ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት፣ «ይህ የወንድ፣ ያ የሴት» በሚለው ላይ ድርቅ ይላሉ እንጂ አብሯቸው ያደገን ልጅ ስም ልብ አይሉትም። ወደ 11 እና 12 ሲጠጉ ግን የእኩዮች አስተያየት ከቤተሰብ ቃል ይበልጥ ይከብዳል፤ አዲስ ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅለት ጓደኛ የለም። ዴቪድ ፊግሊዮ የተባሉ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፍሎሪዳ ጥናት፣ በብዛት ለሴት የሚወጣ ስም ያላቸው ወንዶች የረብሻ ችግራቸው ጎልቶ የታየው 6ኛ ክፍል አካባቢ ነበር። በዚያው የክፍል ደረጃ ተመሳሳይ ስም ያላት ሴት ልጅ ስትኖር ደግሞ ይብሳል። የእናንተ ልጅ ማስመሪያ ያነሳው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ መልስ ስላልተማረ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መልስ አስተምሩት። ፊት ለፊት አስቀምጦ «ለምን?» ማለት አፉን ያዘጋዋል፤ ሱቅ ስትላኩ ወይም አብራችሁ ስትሄዱ ማን እንደሚለው፣ የት፣ በቀን ስንቴ፣ ማን እያየ እንደሆነ ጠይቁት። ለሁለት ሳምንት እርስዎ በደብተር ያዙት፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ እሱ ያደረገው። አልፎ አልፎ የሚሰነዘር ቀልድ ከሆነ ልምምዱ ሊበቃው ይችላል። እነዚያው ልጆች በተደጋጋሚ፣ ተባብረው፣ እሱ ሊከላከል በማይችልበት ቦታ የሚያደርጉት ከሆነ ግን ጥቃት ነው፤ የአዋቂ ጣልቃ ገብነት ይፈልጋል።

ልምምዱ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። አባቱ ያበሽቀው፣ እሱ ይመልስ። መልሱ አጭር፣ ድምፁ የማይወጣ የማይወርድ ይሁን፦ «አዎ ምህረት ነኝ፣ ምን ፈለግህ?» ብሎ ወደ ጀመረው ነገር መመለስ ነው። ልምምዱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ማስረዳት ነው። «የወንድም ስም እኮ ነው፣ አያቴ ናት ያወጣችልኝ…» ማለት ከጀመረ ለአብሻቂዎቹ ተጨማሪ ቀለብ ሰጠ። አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት፤ የለመዱት ቁጣ ሲቀርባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስባቸዋል። ወላጆች «አልሠራም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ልምምድ ለቃል ነው፤ እጅ ካነሱበት መምህር ዘንድ ይሂድ።

ደብተሩን ይዛችሁ የክፍሉን ኃላፊ መምህር አነጋግሩ። «እባክዎ ይከታተሉልን» ብላችሁ ብትመለሱ ምንም አይመጣም። ሁለቱም ምህረቶች ስም ሲጠራ ከነአባታቸው ስም ይጠሩ፤ እረፍት ሰዓት ደብተሩ ላይ የተመዘገበውን ቦታ የሚያይ ሰው ይኑር፤ መምህራን ራሳቸው በስሙ አይቀልዱ፤ እሱን አቁሞ ለክፍሉ ምክር የሚሰጥ አይኑር፤ ይህ መጨረሻው ለእሱ ሌላ ውርደት ነው። እግረ መንገዳችሁን ማህደሩ ላይ ፆታው «ሴ» ተብሎ እንዳልተሞላና በቁቤ የተጻፈው ስሙ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በእንዲህ ያለ ስም ይህ ስህተት ቀላል ነው፤ 8ኛ ክፍል ለፈተና ሲመዘገብ ከሚያንገላታችሁ አሁን ይታረም።

አማትዎን በተመለከተ እርስዎ አይነጋገሩ፤ ባለቤትዎ ብቻቸውን፣ ቡና ላይ ጎረቤት በሌለበት ያነጋግሯቸው። ሁለት የልጅ ልጅ የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ስሙን አጥር አድርገውታል። እምነታቸው ልክ ነው አይደለም የሚል ክርክር ውስጥ አይግቡ። የሚለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አይበረክትም» የሚለው ቃል ልጁ ጆሮ እንዳይደርስ። የ11 ዓመት ልጅ «ስሜ ቢቀየር እሞታለሁ» ብሎ ካመነ የስም ጥያቄ ሳይሆን የሞት ፍርሃት ይዞ ነው የሚተኛው። የስሙን ታሪክ ግን ራሳቸው ይንገሩት፤ ምን ያህል ተለምኖ እንደተገኘ ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ስሙ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ታዋቂው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ምህረት ደበበ ወንድ መሆናቸውን፣ ደስታና ዓለምም ለሁለቱም ፆታ እንደሚወጡ መንገር አይከፋም፤ አንዴ ብቻ፣ በየቀኑ ከተነገረው ማባበል ይመስለዋል።

ፉገራው ከበረደ በኋላ፣ ክረምት ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥያቄውን ለራሱ አቅርቡለት። ስሙን ሊያቆየው ይችላል፤ ሰነድ ሳይነካ ሌላ መጠሪያ ሊይዝም ይችላል፤ የጅማ ሰው ለሁለተኛ ስም እንግዳ አይደለም፣ «አባ ጅፋር» የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው። በሰነድ መቀየር ከፈለገ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማህደሩ፣ ፋይዳ ካወጣም እሱ በየተራ ይስተካከላሉ፤ ስለዚህ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በፊት ይለቅ። የዛሬው ስሙ ነገ የልጆቹ የአባት ስም እንደሚሆንም ይወቅ። «ምህረቱ» የባለቤትዎ ምርጫ ነው፤ እንደ ጫልቱ፣ ደራርቱና አያንቱ በ«ቱ» የሚያልቁ የሴት ስሞች በበዙበት ከተማ ደግሞ ፉገራውን መዝጋቱን እጠራጠራለሁ። እስከዚያው ሁለታችሁም ቤት ውስጥ በአንድ ስም ጥሩት፤ አሁን ለአባቱ አንድ፣ ለእናቱ ሌላ ስም እየመለሰ ወገን እንዲለይ ተገድዷል።

የሆዱን ነገር መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ሁሉም የሆድ ሕመም የጭንቀት አይደለም። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ እሁድ ማታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሰኞ ከትምህርት ቤት አታስቀሩት፤ መቅረት በለመደ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ካወጣ ግን ልምምዱንም ደብተሩንም ትታችሁ በዚያው ቀን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል ውሰዱት።